ከአምስት ጋውስ በታች

ሰኔ 3

ይህን ደብተር የምጽፈው ወድጄ አይደለም፤ ሐኪም አዝዞብኝ ነው። «አባቴ፣ ሲያዞርዎት፣ ልብዎ ሲሮጥ፣ ሲደክምዎት ይጻፉት» አለኝ። የልብ ሐኪም ነው ይሉኛል። አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ማዳመጫ ባይኖር ኳስ ሊጫወት የወጣ የሰፈር ልጅ ነው የሚመስለው። ከግራ ትከሻዬ በታች ቆዳዬን ቀዶ የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር ሸጎጠና ሰፋኝ። ልቤ ስታንቀላፋ እየቆነጠጠ ይቀሰቅሳታል አሉ። ያን ሁሉ ዘመን ያለ ቀስቃሽ ስትነሳ የኖረች ልብ!

ስሙ ፔስሜከር ነው። እኔ ግን «ተከራዩ» ብዬዋለሁ። ሳይጠይቀኝ ገባ፣ ሌሊት ሙሉ ያንኳኳል፣ ይባስ ብሎ በገዛ ቤቴ ደንብ ያወጣብኛል። ደንቡም፦ ማግኔት አጠገብ አትድረስ፤ ከአምስት ጋውስ በላይ ያለበት ቦታ አትቁም።

ይህን የሚሉት ለማን ነው? ዕድሜ ልኩን ስፒከር ሲጠግን ለኖረ ሰው! ዓሣን ውሃ አጠገብ አትድረስ እንደ ማለት ነው።

«ዶክተር፣ ለመሆኑ ጋውስ ምንድን ነው?» አልኩት ላሾፍበት ብዬ።

«የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነዋ፣ አባቴ።»

«ጉልበትማ በኒውተን ነው። ጋውስ የማግኔቱ መስመር ምን ያህል ጥቅጥቅ እንዳለ ነው የሚለካው።»

ይደነግጣል ብዬ ስጠብቅ ሳቀ። «እርስዎ ይህን ካወቁማ እኔ ተገላገልኩ። በሉ ይጠብቁት።»

ባለጌ።

ሰኔ 5

አልደከመኝም። የቤቱ ደረጃ ነው የረዘመው።

ሰኔ 8

ልጄ የመሥሪያ ክፍሌን ቆለፈችው። ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ከትታ ወጥ ቤት ውስጥ ትንጎራደዳለች። ባሏ ሊያስረዳኝ መጣ። እሱ ደግሞ ሲያስረዳ አያድርስ ነው። ሥራው ሰውን «ማሠልጠን» ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ «ማግኔት ሁኑ! ስኬትን ወደ ራሳችሁ ሳቡ!» እያለ ይጮኻል፤ ጎልማሶች ቁጭ ብለው ያጨበጭቡለታል።

«በስንት ጋውስ?» አልኩት።

«ምኑ፣ አባባ?»

«ማግኔት ሁኑ ካልካቸው ልኩንም ንገራቸው እንጂ። እንዲያው በደፈናው ይሳቡ?»

ፈገግ አለ። አይቆጣም እኮ! የሚያናድደኝም ይኸው ነው። እጁ ላይ ለደም ዝውውር ይረዳል የተባለ የማግኔት አምባር አስሯል። አሮጌው የጋውስ መለኪያዬ ቢኖር ቆዳው ላይ አስጠግቼ መርፌው ከቦታው ነቅነቅ እንደማይል ባሳየሁት ነበር። መለኪያው ግን ክፍሌ ውስጥ ታስሯል።

አማቼን «ለስላሳው ብረት» እለዋለሁ። ለስላሳ ብረት ማግኔት ሲቀርበው ወዲያው ማግኔት ይሆናል፤ ሲርቀው ወዲያው ይረሳል። ሚስቱ ስትናገር «ልክ ነሽ»። እኔ ስናገር «ልክ ነዎት»። በር ሲጮህ «ማነው?»

ሰኔ 12

ቁልፉ ተገኘ። በጉልበት ሳይሆን በብልሃት።

የልጅ ልጄ፣ ቁንጫ የምላት፣ ኮሌጅ ትማራለች፤ አንድ ቦታ ተቀምጣ አታውቅም። ፈተናዋ ስለ ማግኔት ነው። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ኤች፣ ቢ፣ ፋይ ብሎ ሦስት ፊደል ጽፎ ወጣ አሉ። ሳቄን ዋጥኩና «እኔ አስተምራታለሁ፤ ዕቃዬ ግን ክፍሉ ውስጥ ነው» አልኩ። ልጄ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ማስተማር ብቻ፣ አባዬ። ስፒከር ብትነካ ወዮልህ።»

ክፍሉ እንደተውኩት ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ከሥሩ ባልዲ አለ። እኔም ከባልዲው ጀመርኩ።

«ባልዲው ውስጥ የገባው ውሃ በሙሉ ፋይ ነው እንበል። የመስመሩ ጠቅላላ ድምር። መለኪያው ዌበር። አሁን መዳፍሽን ከጠብታው ሥር ዘርጊ። መዳፍሽ ላይ ብቻ ስንት ይወርዳል? ያ ቢ ነው፤ መለኪያው ቴስላ። አንድ ዌበር በአንድ ስኩዌር ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ቴስላ ይባላል። አንድ ቴስላ አሥር ሺህ ጋውስ ነው።»

«ውሃውን በጠባብ ቱቦ ባወርደውስ?»

«ውሃው ያው ነው፤ የሚያርፍበት ቦታ ግን ስለሚጠብ ይጠነክራል። የስፒከርም ሚስጥር ይኸው ነው። ብረቱ መስመሩን ሰብስቦ ኮይሉ፣ ማለትም የሽቦው ጥቅልል፣ የሚንቀሳቀስበት ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይከተዋል።»

«ኤችስ?»

«ኤች እናትሽ ናት።»

«አባባ!»

«ጭቅጭቅ ማለቴ ነው። ኤች ግፊቱ ነው። የኮይሉን ዙር በአምፔሩ አባዢውና ለርዝመቱ አካፍዪው፤ ስለዚህ መለኪያው አምፔር በሜትር ነው። ቢ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ የተገኘው ውጤት ነው። አየርን ብትጨቀጭቂ የምታገኚው ኢምንት ነው። ብረትን ስትጨቀጭቂ ግን ውስጡ የተኙት ትንንሽ ማግኔቶች ነቅተው ይሰለፋሉ፤ ብረቱ ከራሱ ይጨምርልሻል። ያ ጭማሪ ኤም ነው። ለአንድ ጭቅጭቅ ስንት እንደሚመልስልሽ የሚነግርሽ ሙ የሚባለው ነው።»

«የአባቴ ሙ ስንት ነው?»

«ሺዎች ነዋ! ገና ሳትነኪው ይሰለፋል። ዝም ስትዪው ደግሞ ይበተናል።»

«ያንተስ?»

«እኔ ጠንካራ ማግኔት ነኝ። ጭቅጭቁ ቢያልቅም የያዝኩትን አልለቅም። ለማስለቀቅ በተቃራኒው አቅጣጫ ብርቱ ጭቅጭቅ ያስፈልጋል።»

«እንግዲያው እናቴ ትጨምርበት።»

ከወጥ ቤት «ሰምቻለሁ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ሰኔ 16

ቁንጫ መልመጃ ስትሠራ እኔ አንድ ስፒከር ነካ አደረግሁ። አንድ ብቻ።

አሠራሬ ይኸውና። የስፒከሩን ጀርባ ደረቴ ላይ አስደግፈዋለሁ፣ በግራ ክንዴ አቅፈዋለሁ፣ በቀኜ የፊቱን ወረቀት እየገፋሁ ኮይሉን አንቀሳቅሳለሁ። የዛሬ ጊዜ ሠራተኞች ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙታል። ሰነፎች! ጠረጴዛ ይሰማል እንዴ? ደረት ግን ኮይሉ ከብረቱ ጋር ፀጉር ታህል ቢፋተግ ይሰማዋል።

እና ምን ሆነ? ልቤ ተነሳች። አልደነገጠችም፤ አልተንገዳገደችም፤ እንደ ጎረምሳ ልብ ፈጠን፣ ቀጥ ብላ መታች። ጆሮዬ ሞቀ። ስፒከሩን አስቀምጬ ሻይ ስጠጣ ያው ወደ ሽምግልናዋ ተመለሰች።

ለካ መድኃኒቱ ሥራ ነው! ይህን ለዚያ ለኳስ ተጫዋቹ ሐኪም አልነግረውም። እሱ «ይረፉ» ይላል። ሰውን የሚያስረጀው ማረፉ ነው።

ሰኔ 21

ዛሬ ሦስት ስፒከር። ዛሬም ጎረምሳ።

ትንሽ አዞረኝ። ከሻዩ ነው።

ሐምሌ 2

የሰፈራችን አዳራሽ ጥበቃ አንድ ግዙፍ የድሮ ባስ ስፒከር በጋሪ አስጭኖ መጣ። «ድምፁ ሞቷል፣ አባባ» አለኝ። አልሞተም፤ ተገድሎ ነው። አንዱ ደንቆሮ «ላጽዳው» ብሎ ማግኔቱን ከብረቱ ነቅሎ መልሶ ገጥሞታል። እንዲህ ያለው የድሮ ማግኔት ብረቱ ሲለየው መስመሩ መዞሪያ ያጣና ግማሽ ጉልበቱ ይሄዳል። የሰው ልጅ ንጽሕና ስንቱን አጠፋ!

መድኃኒቱ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው። በወጣትነቴ የሠራሁት ማግኔት መሙያ አለኝ፤ ወፍራም ኮይልና ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ሳጥን። ሳጥኑ ሲሞላ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ኮይሉ ውስጥ ይለቀዋል። ኤች በቅጽበት ሰማይ ይነካና ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ቢ ግን አይመለስም፣ ማግኔቱ ውስጥ ይቀራል። ለጥበቃው «ይናገራል፤ ተው አታልቅስ» አልኩት።

መሙያው አጠገብ መቆም ለተከራዩ ይስማማዋል ወይ? እሱ ይጨነቅበት።

ሐምሌ 6

ቁንጫ የማይረባ ብልሃት አመጣች። ስልኳ ማግኔት ይለካል አሉ! አንድ ተራ ስፒከር አቅፌ ስሠራ ስልኩን በስፒከሩና በደረቴ መካከል ሰተት አድርጋ አስገባችው።

«አባባ፣ ሁለት ሺህ ይላል።»

«ሁለት ሺህ ምን?»

«ማይክሮቴስላ።»

እስኪያስለኝ ሳቅሁ። «ማይክሮ ማለት የሚሊዮን አንዱ ነው። በሚሊዮን ተሸርፎ የሚለካ ነገር ትንኝም አይገድል።»

«የተፈቀደልህ እኮ አምስት መቶ ነው።»

«መስመሩ በሙሉ ክፍተቱ ውስጥ ነው ብዬሽ አልነበረም? ብረቱ ይውጠዋል።»

ቀና ብላ ጣሪያውን፣ ከዚያ ባልዲውን አየች። «ጣሪያውም ውሃውን በሙሉ በአሸንዳ ነው የሚያወርደው። ግን ያፈሳል፣ አባባ። ማግኔትህም ያፈሳል።»

ምላሷ እንደ አያቷ ነው። አያቷም እንዲሁ ነበረች፤ አፌን አስከፍታ ትሄድ ነበር።

አንድ ቴስላ አሥር ሺህ ጋውስ። አንድ ጋውስ መቶ ማይክሮቴስላ። ሁለት ሺህ ለመቶ ሲካፈል

ስልክ ስልክ ነው፤ መለኪያ አይደለም።

ሐምሌ 11

ግዙፉን ስፒከር ከመሬት አንስቼ አቀፍኩት። ጉልበቱ ግማሽ ቢሆንም ግዙፍ ግዙፍ ነው። ልቤ እንደ ልማዷ ተነሳች፤ ከዚያ ግን ሁለት ሰው የሚመታት ይመስል ተምታታች። አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከላይ። ወለሉ ወደ እኔ መጣ።

ለስላሳው ብረት በሩ ላይ ነበር። በአንድ እጁ እኔን፣ በሌላው ስፒከሩን ያዘ። አምባሩ ማግኔቱ ላይ ጧ ብሎ ተጣበቀ። እጁ እዚያ፣ እኔ እዚህ፤ መሐል ቤት እንደ ተሰቀለ ልብስ ቆመን ቀረን።

«አባባ፣ ይተንፍሱ። ይዤዎታለሁ።»

«ማን ያዘኝ አለህ? በሩን ስትከፍት ነፋሱ ነው የጣለኝ!»

የተቀመጥኩበት በርጩማም እግሩ አጭር ነው። ይጠገን።

ሐምሌ 12

ቁልፉ ተመልሶ መቀነቷ ውስጥ ገባ። ክፍሉ የአማቼ የሥልጠና ወረቀት ማስቀመጫ ሊሆን ነው ተባለ። ማግኔት መሙያዬ ላይ «ስኬትን ሳቡ» ይከመርበታል! እኔ በቁሜ እየተቀበርኩ ነው፤ ያውም በርካሽ ወረቀት።

ማታ ወጥ ቤት ሲያወሩ ሰማሁ። ጆሮዬ ጤነኛ ነው፤ ጆሮዬ ላይ ማንም ምንም አልሰፋም።

«ሰደበህ አይደል ዛሬም?» አለችው ልጄ።

«ምን ችግር አለው? ለምጄዋለሁ።»

«አባዬ የሚሳደበው ሲፈራ ነው። እናቴ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ዘበኛውንም፣ ነርሷንም፣ አልጋውንም ሰድቧል።»

ውሸታም። አልጋው በእርግጥም የተረገመ አልጋ ነበር።

ሐምሌ 14

ዝናብ። ምንም የለም።

ሐምሌ 19

ለምርመራ ተወሰድኩ። ተወሰድኩ ነው የምለው፤ ልጄ ክንዴን ይዛ እንደ ተያዘ ሌባ ነው ያስገባችኝ። ተከራዩን የምትመረምረው አንዲት ደረቅ ሴትዮ ናት።

«ሸሚዝዎን ያውልቁ።»

«ገና ሳንተዋወቅ?» አልኳት። አልሳቀችም። ሽቦ በሽቦ አደረገችኝ። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ጥቁር፣ ክብ፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ነገር አወጣች። አወቅሁት። የስፒከር ማግኔት ቁርጥ!

«ማግኔት ክልክል ነው ስትሉኝ አልነበር?»

«እኛ ስናደርገው ለምርመራ ነው። ይህ ሲጠጋው መሣሪያው የልብዎን ምት መስማት ያቆማል። ልብዎ ምንም ትሥራ ምን፣ እሱ በራሱ ልክ ብቻ ይመታል። ባትሪውንም የምናየው እንደዚህ ነው። ፈጠን ያለ ምት ይሰማዎታል፤ እንዳይደነግጡ።»

ደረቴ ላይ አሳረፈችው።

መጣች። ያቺ ፈጠን ያለች፣ ቀጥ ያለች። ጆሮዬ ሞቀ። ሰኔን ሙሉ ስፒከር እያቀፍኩ የጠራኋት ጉርምስናዬ፣ ከአንዲት የማትስቅ ሴትዮ መሳቢያ ወጥታ መጣች።

ሴትዮዋ ማግኔቱን አነሳች። ሄደች።

«ከዚህ በፊት እንዲህ ተሰምቶዎት ያውቃል?»

«በወጣትነቴ» አልኳት።

አሁን ሳቀች። ልጄ ግን አልሳቀችም፤ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረች።

እኔ በደረቴ ኮይሉን ሳዳምጥ፣ ተከራዩ ለካ እኔን ማዳመጥ አቁሞ ኖሯል። ባለፈው የወደቅሁ ለትም ሁለቱ ተደባደቡ ማለት ነው፤ ልቤ በራሷ፣ እሱ በራሱ። ጤና ሆነና እንጂ በዚያው የሚቀርም አለ አለች ሴትዮዋ። ማንም ሳይጠይቃት።

ሃያ ነው። ሁለት ሺህ ለመቶ ሲካፈል ሃያ ጋውስ።

ሐምሌ 20

ልብ እንኳን ያታልላል። ማን ቀረ?

ሐምሌ 25

የአዳራሹ ጥበቃ በአጥር በኩል «አባባ፣ ስፒከሩ እንዴት ነው?» አለ። ልጄ «አይሠራም፤ ይውሰዱት» አለችው። እኔ ከመስኮት ሆኜ «ይሠራል!» አልኩ። ተያየን፣ እኔና እሷ። ወጥ ቤት ገብቼ አጠገቧ ቆምኩ።

«አልነካውም» አልኳት። «ግቢው ጫፍ ላይ እቆማለሁ። ባልሽ ይንካው።»

«እሱ? አምፖል እንኳ ለመቀየር ሰው የሚጠራው?»

«ለስላሳ ብረት ነው። ከጨቀጨቁት ይሰለፋል።»

ቁልፉን አውጥታ ሰጠችኝ፤ እኔ ሳልይዘው ደግሞ መልሳ ነጠቀችኝና ለባሏ ሰጠችው። ይሁን።

ሐምሌ 28

ልምምድ። እኔ ደጅ፣ እሱ ውስጥ፣ በመስኮት እየጮህኩ። እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም። ብሎን ወደየት እንደሚጠብቅ የማያውቅ ሰው ሌላውን ለስኬት ያሠለጥናል! ለነገሩ አንድ ነገር ሁለቴ አያስነግርም። ይህን ለማንም አልናገርም።

ነሐሴ 1

ዛሬ መሙያውን ተኮስነው።

ግቢው ጫፍ ላይ፣ አጥሩ ሥር፣ ጃንጥላ ይዤ ቆምኩ። ቁንጫ ስልኳን እንደ ታቦት አክብራ ደረቴ ላይ ይዛለች። ልጄ በረንዳው ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። ባሏ ውስጥ ነው።

«አምባርህን አውልቅ!» ብዬ ጮህኩ።

«አውልቄያለሁ፣ አባባ!»

«ለደም ዝውውርህ አትጨነቅ፤ እኔ እጨነቅልሃለሁ! ኮይሉ ማግኔቱን ከነብረቱ ዙሪያውን አቅፎታል?»

«አቅፎታል!»

«የሳጥኑ መርፌ?»

«ቀዩ ላይ ደርሷል!»

«እንግዲያው እጅህን ከሽቦው አርቅና ማብሪያውን ምታው!»

ጧ! የክፍሉ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ጸጥታ። እኔ ተከራዩን አዳመጥኩት። ምንም አላለም፤ ሥራውን ይሠራል። ቁንጫም ስልኳ ላይ እንዳፈጠጠች ነው።

«አለህ?» ብዬ ጠራሁ። ድምፄ ለምን እንደቀጠነ አላውቅም፤ ዝናቡ ነው።

«አለሁ፣ አባባ! የብሎን መፍቻዬን ስቦ ወሰደብኝ! አላስለቅቅ አለኝ!»

«ደግ አደረገ! አሁን ስፒከሩን ከኮይሉ አውጣና ጀርባውን ደረትህ ላይ አስደግፈው። እቀፈው። እንደ ሚስትህ አይደለም፤ ጠበቅ አድርገህ! ወረቀቱን ቀስ ብለህ ግፋ። ምን ይሰማሃል?»

«ምንም አይሰማኝም።»

«በጆሮህ አይደለም የምልህ! በደረትህ!»

ዝናቡ ጃንጥላውን ይደበድባል። ብዙ ቆየ። ተስፋ ቆርጬ ስድብ እየመረጥኩ ነበር።

«አባባ... ትንሽ ይፋተጋል። ከታች፣ ወደ ግራ በኩል።»

ትክክል ነበር። ያ ዓይነት ስፒከር ሁልጊዜ የሚያዘነብለው ወደዚያው ነው። አልነገርኩትም ነበር። ለስላሳ ብረት! በደረቱ ሰማ። ይህም ልጅ ሆነና ይሰማል!

«ታዲያ ምን ቆመህ ታየዋለህ?» አልኩት። «የቀኙን ብሎን ላላ አድርገው እንጂ፣ አንተ የማትረባ!»

«እሺ፣ አባባ!» አለ። ከነመሳቁ።

ስፒከሩ ሲናገር መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ልጄ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ቁንጫ ስልኳን ከደረቴ ሳታነሳ «አርባ፣ አባባ» አለችኝ።

«አርባ ምን? መለኪያ የሌለው ቁጥር ስድብ ነው።»

«አርባ ማይክሮቴስላ። የጋውስ ግማሽ እንኳ አይሞላም። የመሬት የራሷ ማግኔት ብቻ ነው።»

«እሷማ ከተወለድኩ ጀምሮ ወደ ራሷ እንደ ጎተተችኝ ነው።»

«ያኛው ስበት ነው፣ አባባ። ይሄ ኮምፓስ የሚያዞረው ነው።»

«አውቃለሁ፣ ቁንጫ» አልኳት። «ገና ሥራ አለብኝ፤ ሁለቱም ወረፋ ይያዙ በያቸው።»